በሕክምናው ደጃፍ ላይ፦ ከሱስ ለመውጣት ለቆረጠ ጓደኛ ጸሎትና ማበረታቻ

ስለ ሱስ ጉዳት በክፍል ውስጥም፣ በትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያም ብዙ ሰምታችኋል። «በቃኝ» ብሎ ለሕክምና ከቤቱ የሚወጣውን ሰው ምን ብለን እንደምንሸኘው ግን ብዙም አንማርም። በአካባቢያችን አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለውን ቀን የሚጀምረው በጸሎት ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን አንድ ክርስቲያን ወጣት ወደ ሱስ ሕክምና ሲገባ ምን ብሎ ቢጸልይ እንደሚጠቅመው፣ እኛስ እንዴት ልናበረታው እንደምንችል ይመለከታል። የሌላ እምነት ተከታይ የሆናችሁ አንባብያንም በራሳችሁ ጸሎትና ዱዓ ልትጠቀሙበት የምትችሉት ነገር አታጡም።

በመጀመሪያ አንድ ወጣት ላስተዋውቃችሁ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ስሙንና ትምህርት ቤቱን ትቼዋለሁ። የመጣው ከዳባት አካባቢ ነው። ጎንደር ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ እናቱ የምትልክለትን ስንቅ እየበላ ይማር ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለ ለፈተና ለማምሸት ብሎ ጫት ጀመረ። ጫቱ እንቅልፍ ሲነሳው ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» እያሉ ጓደኞቹ አረቄ አስለመዱት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ጫቱን ቀንሶት ነበር፤ አረቄው ግን አልለቀቀውም። ጠዋት ጠዋት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እስክሪብቶ ለመያዝ እንኳ መጀመሪያ አንድ መለኪያ መቅመስ ነበረበት።

ይህ ልጅ ከእኔ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ሦስት ጊዜ ምሎ ሦስት ጊዜ አፍርሷል። «በቅዱስ ሚካኤል፣ ሁለተኛ አልቀምስም» ብሎ ይምላል፤ ሳምንት ሳይሞላው ይቀምሳል። ከሦስተኛው በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወ። «መልአኩን ዋሽቼ በየትኛው ፊቴ ደጁ ልቁም?» ነበር ያለኝ። በመጨረሻ ታላቅ እኅቱ ለምናው ጸበል ወሰደችው። አረቄውን በአንድ ሌሊት ቆረጠ፣ እህልም ሳይቀምስ ጾመ። በሁለተኛው ቀን ሰውነቱ ይንዘፈዘፍ ጀመር፣ ወደቀ፣ አረፋ ደፈቀ። በዙሪያው የነበሩ ሰዎች «መንፈሱ እየለቀቀው ነው» አሉ። ያጠምቁ የነበሩት ካህን ግን እኅቱን ጠርተው ምን ይጠጣ እንደነበር ጠየቋት። ነገረቻቸው። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ እኔ እዚህ ሆኜ እጸልይለታለሁ» አሏት። ያን ቀን ሕይወቱን ያተረፈው የካህኑ አስተዋይነት ነው።

ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም

«እምነት ካለኝ መድኃኒት ለምኔ?» የሚሉ ወጣቶች ያጋጥሙኛል። መልሱን ከመጽሐፍ ቅዱስ እንፈልገው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም በተኛ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አልቅሶ ጸለየ። ጸሎቱም ተሰማ። ይሁን እንጂ ነቢዩ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቶ እያለ መድኃኒቱ አልቀረም ማለት ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ የታመመ ሰው እንዲጸልይ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም እንደነበር አትርሱ።

ይህ ጉዳይ በአገራችን በኤች.አይ.ቪ/ኤድስ ምክንያት ትልቅ ጥያቄ ሆኖ ነበር። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በእንጦጦ ማርያምና በሌሎች የጸበል ቦታዎች መድኃኒቱን ከወሰድን ጸበሉ አይሠራም ብለው ክኒናቸውን የተዉ ሕሙማን ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. በወቅቱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይጣሉ በይፋ አስተማሩ። ለኤች.አይ.ቪ የሠራው ትምህርት ለሱስም ይሠራል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ቤት ቢሄድ እምነቱን አልካደም።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

አረቄ ቀላል መጠጥ አይደለም። ቢራ ውስጥ ያለው አልኮል አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ሲሆን ዳግም አረቄ እስከ 45 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በደጋው አገር «ብርድ ያባርራል» እየተባለ ይጠጣል። እውነታው ሌላ ነው። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት የመጣ ይመስላል እንጂ ሰውነታችን ሙቀቱን ወደ ውጭ እያጣ ነው።

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው አንጎሉ አልኮሉን ተላምዶ ይሠራል። አልኮሉ በድንገት ሲቋረጥ አንጎል ከመጠን በላይ ይነቃቃል። መጠጡ በቆመ በሰዓታት ውስጥ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ማስመለስ፣ የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ታካሚ የሌለ ነገር ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ያለበትን ቦታና ቀኑን ያጣል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህ ሁኔታ ካልታከመ ይገድላል። ሐኪም ቤት ሲሆን ግን መንዘፍዘፉን የሚከላከል መድኃኒት፣ ፈሳሽና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል።

ስለዚህ ይህን ያዙ፦ በየቀኑ ብዙ አረቄ የሚጠጣ ሰው ያለ ሐኪም ምክር በአንድ ሌሊት እንዲያቆም፣ በባዶ ሆዱም እንዲጾም አትገፋፉት። ጠጪ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ አቋቋሙ በሐኪም ክትትል ይሁን ማለቴ ነው። የመታመምና የጾም ነገር ከተነሳ ደግሞ የንስሐ አባቱን ያማክር።

ጫት ከዚህ ይለያል። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ሲቆም እንደ አልኮል ሕይወትን በቀጥታ አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ ብዙ ጊዜ አያመጣም፤ ነገር ግን መድከም፣ መነጫነጭ፣ መደበት፣ ሌሊት ደግሞ «ዱካክ» የምንለው አስፈሪ ቅዠት ይመጣል። ድብርቱ በርትቶ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ጓደኛ ካጋጠማችሁ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ለአዋቂ ንገሩና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የሚንዘፈዘፍ ሰው ስታዩ በጎኑ አስተኙት፤ ሊመታው የሚችል ነገር አርቁ፤ አፉ ውስጥ ውኃም ማንኪያም አትጨምሩ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅምም። ከዚያ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

መሐላ ወይስ ልመና?

አሁን ወደ ጸሎቱ እንምጣ። የዳባቱ ልጅ ችግሩ አለመጸለዩ አልነበረም። ጸሎቱ ሁሉ መሐላ መሆኑ ነበር። «ዳግመኛ ብቀምስ እንዲህ ያድርገኝ» ብሎ በራሱ ላይ ፈረደ። መሐላው ሲፈርስ ከአንድ ብርጭቆ ስህተት ይልቅ መሐላ ማፍረሱ ከበደው፤ «ከእንግዲህማ እግዚአብሔርም ተጣልቶኛል» ብሎ ያንኑ ቀን እስኪወድቅ ጠጣ። በሥራዬ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ብዙዎችን ወደ መጠጡ የሚመልሳቸው ሐራራው ብቻ አይደለም፣ ኀፍረቱም ጭምር ነው።

መሐላ ስለ ዕድሜ ልክ ይናገራል። ሱስ የሚታገለው ሰው ግን የሚያሸንፈው የዛሬን ቀን ነው፤ አንዳንዴም የዛሬን ቀን ሳይሆን የሚቀጥለውን አንድ ሰዓት። ከዚህም በላይ መሐላ «እኔ እችላለሁ» የሚል ነው። ልመና ግን «አልቻልኩም፣ እርዳኝ» ይላል። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የአልኮል ሱሰኞች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር ሲመሠረትም መነሻ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ ሰው በራሱ ጉልበት ብቻ እንዳልቻለ ማመን፣ ከራሱ ከሚበልጥ ኃይልና ከወንድሞቹ እርዳታ መጠየቅ፣ ቀኑን በቀኑ ማሸነፍ።

የዳባቱ ልጅ ከመጀመሪያው አደጋ ተርፎ ሕክምናውን ለመቀጠል በተመለሰበት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ «ምን ብዬ ልጸልይ? ልማል እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ ዛሬ አትማል» አልኩት። ከእኅቱ ጋር ሆነን እንዲህ የሚል ጸሎት በደብተሩ ላይ ጻፍን፦

«አባት ሆይ፣ ዛሬ ድካሜን አልደብቅህም። ብዙ ጊዜ ቃል ገብቼ አፍርሻለሁ፤ ዛሬ የመጣሁት ቃል ልገባ ሳይሆን ልለምንህ ነው። የዛሬን ቀን ብቻ አሳልፈኝ፤ የነገውን ነገ እለምንሃለሁ። ሲያንቀጠቅጠኝ አጠገቤ ሁን። ሐራራው ሲመጣ እንዳልሸሽ፣ አፌን ከፍቼ እንድናገር እርዳኝ። ለሐኪሙ እውነቱን የምናገርበት ድፍረት ስጠኝ፤ የሚያክሙኝን እጆች ባርክ። ያስለቀስኳትን እናቴን አጽናናልኝ። ብወድቅም ወድቄ እንዳልቀር፣ ወደ አንተም ወደ ሰውም እንድጮኽ አድርገኝ። ነፍሴንም ሥጋዬንም የምታውቃቸው አንተ ነህ፤ ሁለቱንም ማርልኝ። አሜን።»

እስቲ ይህን ጸሎት እንደ ትምህርት እንመርምረው። አንደኛ፣ እውነት ይናገራል። በጸሎት እውነት የተናገረ ሰው ለሐኪሙም «በቀን አንድ ሁለት መለኪያ ነው» ብሎ አይዋሽም፤ የመድኃኒቱ መጠን ደግሞ በዚያ እውነት ላይ ይወሰናል። ሁለተኛ፣ የሚለምነው ለዛሬ ነው። ሦስተኛ፣ ሐራራው አይምጣ አይልም፤ ሲመጣ ለሰው እንዲናገር ይለምናል። ሐራራ እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሳል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ ከሰው ጋር ሲሆኑ ማሳለፉ ይቀላል። አራተኛ፣ ለሐኪሙ ይጸልያል እንጂ ከሐኪሙ አይሸሽም። አምስተኛ፣ መውደቅ ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ የመነሻውን መንገድ ያዘጋጃል።

«አባታችን ሆይ»ን፣ ውዳሴ ማርያምን፣ ዳዊትን መድገም የለመደ ሰው እርሱንም ይቀጥል። በወንጌላውያንም ሆነ በካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የሚያመልኩ ወጣቶች በለመዱት መንገድ ይጸልዩ። በተለይ ሐራራው በሚበረታበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከሰዓት በኋላ በበርጫው ጊዜ፣ የታወቀ የጸሎት ሰዓት መኖሩ ባዶውን ሰዓት ይሞላል።

ንጋቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው

«ብወድቅስ?» ልጁ ከሁሉም በላይ የጠየቀኝ ይህን ነው። የቅዱስ ሙሴ ጸሊምን ታሪክ ነገርኩት። ሙሴ ጸሊም ከኢትዮጵያ ወገን እንደሆነ የሚነገርለት፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ሽፍታ ነበር። በኋላ በግብፅ አስቄጥስ በረሃ መነኮሰ፤ ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። ሙሴ ከመነኮሰ በኋላ እንኳ የቀድሞው ልማዱ ለዓመታት ታገለው። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አባ ኤስድሮስ ጎሕ ሳይቀድ ጣሪያ ላይ አውጥቶ ሰማዩን እንዳሳየው ይነገራል። ጨለማው በአንድ ጊዜ አይገፈፍም፤ ብርሃኑ ጥቂት በጥቂት ይመጣል። የነፍስም ለውጥ እንዲሁ ነው አለው። በደጋው አገር ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከደባርቅ በላይ ጉሙ እስኪገለጥ ስንት ጊዜ ጠብቀናል!

ሐኪሞችም ሱስ የሚያገረሽ በሽታ ነው ይላሉ። እንደ አስም፣ እንደ ስኳር ክትትል ይፈልጋል። ማገርሸት የሕክምናው መጨረሻ አይደለም፤ ወደ ሐኪሙ ቶሎ ተመለስ የሚል ምልክት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። መጻጉዕ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረ በሽተኛ ነበር። ውኃው አጠገቡ ነበር፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ግን አልነበረውም። ከሱስ ለመውጣት የሚፈልጉ ብዙ ጓደኞቻችን እንደዚሁ ናቸው። ጤና ጣቢያው ሰፈራቸው አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም አለ፣ ሰው ግን የላቸውም። እናንተ ያ ሰው መሆን ትችላላችሁ። እንዴት?

• አብራችሁት ሂዱ። መነሻው ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላካል። በከተማችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። አዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።
• «አይዞህ፣ ዛሬ እዚህ መምጣትህ ትልቅ ነገር ነው» በሉት። «እስቲ እናያለን»፣ «ይሄ ሰካራም ደሞ» አትበሉ። ሽሙጥ እግር ያስራል።
• የሰማችሁትን ምስጢር ጠብቁ። በክፍል ውስጥ የተወራ ሕመም ታካሚውን ከትምህርት ቤት ያስቀራል።
• ማስታወሻ ደብተር ቅዱለት፣ ያመለጠውን ትምህርት አስረዱት። መመለሻ ያለው ሰው ለመዳን ይበረታል።
• ገንዘብ በእጁ አትስጡት፤ የቤት ኪራይ ከሆነ ለባለቤቱ፣ ምግብ ከሆነ በዓይነቱ ስጡ።
• ጸልዩለት፤ እንደምትጸልዩለትም ንገሩት። አጭር ትሁን፦ «ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን ዛሬ ጠብቅልን፤ እኛንም እንዳንሰለች አድርገን።»

ሲመለስ ደግሞ አንድ ከባድ ነገር ይጠብቀዋል። በእኛ አገር ዝክሩም፣ ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም ጠላ አለበት፤ ጎንደር ላይ የጥምቀት ሰሞን ደግሞ በየቤቱ «ቅመስ እንጂ!» ነው። እንቢ ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል። የዳባቱ ልጅ እናት ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። በመጣበት ወር የነበረባትን ዝክር ጠላ ሳትጠምቅ፣ ያልቦካ ብርዝና ሻይ አቀረበች። ጎረቤት አጉረመረመ። እርሷ ግን «ልጄ እስኪበረታ የኔ ዝክር ይኸው ነው» አለች። ከሁሉም ስብከት ይልቅ ያ ብርዝ አበረታው።

ኤች.አይ.ቪን አንርሳ

ምርቃናና ስካር ሰውን ያለ ዕቅድ ወደ ግንኙነት፣ ኮንዶምን ወደ መርሳት ይወስዳሉ። ስለዚህ ወደ ሱስ ሕክምና የገባ ወጣት የኤች.አይ.ቪ ምክርና ምርመራ አገልግሎት ቢያገኝ ይጠቅመዋል። በቅርብ ለቫይረሱ ተጋልጫለሁ ብሎ የሚጠረጥር በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ከደረሰ መከላከያ መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል። ቫይረሱ በደሙ ያለበትና መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ «ዛሬ ጠጥቻለሁ» ብሎ ክኒኑን አይዝለል፤ ክኒኑን ወስዶ ስለ መጠጡ ለሐኪሙ ይንገር። ጸበል ላይ ቢሆንም እንዲሁ ነው፤ ክኒኑ አይቋረጥም።

ውድ አንባብያን፣ ልጁ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወድቋል። በማግስቱ ግን ራሱ ሐኪም ቤት ተመልሶ ሄደ፤ በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያንም ተሳለመ። ያቺን ጸሎት የጻፈባት ገጽ በደብተሩ ውስጥ አለች። «ጋሼ ሐኪሙ ጋ ስገባ ነው የማነባት» ይላል። አሁን ጠዋት እስክሪብቶ ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ሁለተኛ ብቀምስ» ብሎ በመማልና «የዛሬን አሳልፈኝ» ብሎ በመለመን መካከል ምን ልዩነት አለ? ከወደቁ በኋላ የትኛው ለመነሳት ይቀላል?
2. ጸበል ቦታ ላይ የሚንዘፈዘፍ ሰው ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? በቡድን ሆናችሁ በተግባር አሳዩ።
3. በቤታችሁ በሚደረግ ዝክር ወይም ማኅበር ከሱስ እየዳነ ያለ ሰው ሳያፍር እንዲሳተፍ ምን ማድረግ ይቻላል?
4. ከክፍላችሁ ለሕክምና የሄደ ተማሪ ሲመለስ እንዴት ትቀበሉታላችሁ? ልትነግሩት የምትፈልጉትን ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።